ስማችንን በቃሉ የያዘው ሰው

ከደባርቅ ወደ ድብ ባሕር ስትወርዱ፣ መንገዱ ገደሉን መጠማዘዝ ሳይጀምር፣ በስተግራ አንዲት ኮረብታ ታያላችሁ። ዛሬ በአውቶቡስ ስታልፉ ልብም አትሏት። ጎኗ ገብስ ነው፣ አናቷ ላይ ጅብራ ተገትሯል፣ ከዚያ ውጭ የሚታይ ነገር የላትም። እኛ «ቆፈን» ብለን ስም አውጥተንላት ነበር። በካርታ ላይ ቁጥር ነበራት፤ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ። ቆፈኑን ግን እግሬ አልረሳውም፤ ክረምት በገባ ቁጥር ያስታውሰኛል።

የልጅ ልጆቼ ዳባት ቤቴ ሲመጡ «አባባ፣ ስንት ሰው ገደልህ?» ይሉኛል። ጥያቄ ነው እንግዲህ! ጉም ውስጥ የተኮሰ ሰው ምን ያውቃል? ባውቅም አልነግራችሁም። የማውቀውን ጠይቁኝ እላቸዋለሁ። እኔ ከዚያ ኮረብታ ይዤ የወረድሁት ስም ነው፤ የሰው ስም። እሱንም ያስያዘኝ ሌላ ሰው ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሱ ነው፤ ዝም ብላችሁ ስሙ።

በደርግ ጊዜ ነው። ፍልሰታ ገብቷል፣ ዝናቡ አላባራም። የእኛ መቶ ደባርቅ ከተማ ዳር ሰፍሮ ሳለ ከሰዓት በኋላ ትእዛዝ መጣ። መቶ አለቃው አሰለፈንና «መንገዱን የምታየውን ኮረብታ ይዘን እንጠብቃለን። ስንቅና ጥይት ተሸከሙ» አለን። ይኸው ነው። ለስንት ቀን እንደሆነ አልነገረን፣ እኛም አልጠየቅንም። ጭቃው ቦት ጫማችንን እየጎተተ ወጣን፣ ምሽግ ቆፈርን፣ ሸራ ዘረጋን።

እኔ አስር አለቃ ነበርሁ። የዳባት ልጅ በመሆኔ ብርዱን ትችለዋለህ ብለው ያሾፉብኝ ነበር። ማን ይችለዋል! መትረየስ ተኳሹ ደስታ የጎጃም ሰው ነው፣ ምላሱ ከመትረየሱ የፈጠነ። ሰይድ ከወሎ ነው። ምስጋናው ደግሞ የዚያው የአገሩ ሰው፣ ከኮረብታችን ሥር ካለችው መንደር የተወለደ። እሱን በስሙ የሚጠራው መቶ አለቃው ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ «ቄሱ» ነው።

ቄሱ የተባለው ለማሾፍ ነው፤ ግን እውነትም ቄስ ነበር። ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት። በሥርዓታችን ቄስ የሚያገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወይ ይመነኩሳል ወይ ብቻውን ይኖራል። ምስጋናው ባዶውን ቤት አልቻለውም። ዓመት ቆይቶ ሌላ ሴት አገባ፣ ክህነቱም ፈረሰ። ጥምጣሙን አወለቀ፣ መስቀሉን ለንስሐ አባቱ ለቄስ ፈንታ መለሰ፣ ሽማግሌው የሚሉትን ሳይሰማ ከግቢው ወጣ። ከዚያ አረቄ ጀመረ። ሁለተኛይቱም ጥላው ሄደች። ሰው ሁሉ እሱን የሚያይ፣ በእሱ ላይ የሚንሾካሾክ መሰለው። በመጨረሻ ወታደር ሆነ።

ጻድቅ ነበር እንዳልላችሁ፤ አልነበረም። ኮዳው ውስጥ ውኃ ተገኝቶ አያውቅም። በፍልሰታ የቆርቆሮ ሥጋ ከፍቶ በጠዋት ሲበላ ደስታ «ኧረ በእመቤታችን! እኛ ያልተማርነው ኮቾሮ እየቆረጠምን እንጾማለን፣ አንተ ቅዳሴ የምታውቀው ሥጋ ትበላለህ?» ይለዋል። «ለዚህ ነው እናንተ የምትጸድቁት፣ አትረብሸኝ» ይላል አፉን ሞልቶ። አንድ ጊዜ በብርድ ልብስ ተጣልቶ የሰው ጥርስ አውልቋል። ሲሰክር ይሳደባል፣ ሲነቃ ያፍራል።

አንድ ልማድ ግን ነበረው። ወደ መቷችን አዲስ ሰው ሲመጣ ከየት መጣህ አይልም። ጠጋ ብሎ «የክርስትና ስምህ ማነው?» ይላል። ሰውየው ይነግረዋል፣ ምስጋናው አንድ ጊዜ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ አለቀ፤ ገባ ማለት ነው። እናንተ ልጆች ታውቁት እንደሆነ እንጃ፤ ሰው ሲሞት ካህኑ በፍትሐት የሚጠራው እናቱ ባወጣችለት ስም አይደለም፣ ሲጠመቅ በወጣለት ነው። እኛ ደግሞ የምንተዋወቀው በዓለም ስማችን ብቻ ነው። የሞተ ጓድህን ይዘህ ወደ ካህን ብትሄድ እንኳ ማን ብለህ ታስጠራዋለህ? ምስጋናው ይኸን ያስብ ነበር። የመቶውን ሰው ሁሉ ስም በቃሉ ይዞታል። በጽሑፍ የሚያዝ ነገር አልነበረም፤ ጊዜው እንዲያ ነው፣ የጸሎት ነገር በአደባባይ አይወራም።

ሰይድ አንድ ቀን «እኔስ የክርስትና ስም የለኝም፣ ልትተወኝ ነው?» አለው እየሳቀ።

«ሰይድ ሰይድ ነው። እግዜር በዚያው ያውቅሃል፤ እይዝሃለሁ።»

ደስታ መች ያልፈዋል! «ያንተንስ ቄሱ? ያንተን ስም ማን ይዞልሃል?»

«የኔማ ተፍቋል» አለና ፊቱን አዞረ። ከዚያ ወዲያ ኮረብታው ላይ ደስታም ደግሞ አልጠየቀውም።

ጉሙ አልፎ አልፎ ሲገለጥ ከገደሉ ሥር የማርያም ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ይታያል። እሱ የተጠመቀባት፣ የቀደሰባት፣ ጥምጣሙን ያወለቀባት ናት። ክርስቲያኖቹ ሁላችን ወደዚያ እያየን እንሳለማለን። ምስጋናው ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። አንድ ቀን ማሽላ የሚገዛ ሰው ወደ መንደሪቱ ሊላክ ሲል መቶ አለቃው አገሩን ታውቃለህ ብሎ አዘዘው። «ሌላ ቅጣት ይስጡኝ» አለ። «እዚያ እግሬን አላነሳም። ሞቼ እንኳ ብሆን ወደዚያ እንዳትወስዱኝ።» መቶ አለቃው አየውና ሌላ ሰው ላከ።

አሁን ሳስበው እነዚያ ቀኖች ይናፍቁኛል። እብድ ነህ በሉኝ። ብርድ፣ ቅማልና ጭቃ ምኑ ይናፍቃል? ግን ጠዋት ጠዋት ጭላዳዎቹ ከገደሉ ወጥተው ሣሩን እየነጩ ከእኛ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፤ ደስታ «ሁለተኛው መቶ መጣ» ይልና በወታደር ሰላምታ ይቀበላቸዋል። በአንድ ኩባያ ሻይ ስድስት ሰው ይጠጣል። የገብስ ቆሎ ከኪስ ወደ ኪስ ይዞራል። ሸራው ሥር ተጠጋግተን ተኝተን አንዱ ሲገላበጥ ሁላችንም እንገላበጣለን። እንዲያ ዓይነት መቀራረብ ከዚያ በኋላ አላገኘሁም፤ ወንድም ጋም አላገኘሁም።

ጥቃቱ የመጣው ጎህ ሲቀድ ነው። ጉሙ ዓይን ይወጋል። መጀመሪያ ጭላዳዎቹ ጮኹ። ቀጥሎ ሞርታር ወደቀ። አንደኛው ከኋላችን፣ ሁለተኛው ከፊታችን፣ ሦስተኛው ምሽጉ ውስጥ። ደስታ መትረየሱን ለቀቀው። ተኮስን። የምንተኩስበት አይታይም፤ ድምፁ ወደሚመጣበት ነው። በወዲያኛው ወገን ያሉትም እንደኛው ልጆች ናቸው፣ እነሱም ወደ ድምፃችን ይተኩሳሉ። አንድ ጊዜ መለስናቸው። ሁለተኛ መጡ። መለስናቸው። ሰይድ ቦምብ ሊወረውር ብድግ እንዳለ ወደቀ። ረፋድ ላይ በሬዲዮ «ወደ ደባርቅ አፈግፍጉ» ተባለ። መቶ አለቃው «ቁስለኛ ያለበት ያንሳ!» ሲል ሰማሁት። ድምፁን የሰማሁት ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው። ጥይቱ ጭኔን ሲያገኘኝ በትር የመታኝ ነበር የመሰለኝ።

ስነቃ ተኩሱ ራቅ ብሏል። ዝናብ ፊቴ ላይ ይወርዳል። ምስጋናው ጭኔን በቀበቶ እያሰረ ነው። ከወዲያ ምሽጉ ጥግ ደስታ ሁለት እግሩ ተመትቶ ተኝቷል፣ ልሳኑ ግን አለ። ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል፤ በዚያ በኩል መትረየስ አያቋርጥም። ከእኛ በቀር የሚንቀሳቀስ ሰው አላየሁም። ደሜን አየሁና ፈራሁ። ልጆች፣ አልደብቃችሁም፣ በጣም ፈራሁ። ንስሐ ከገባሁ ዓመታት አልፈውኝ ነበር። እንዲሁ ልሄድ ነው አልሁና የምስጋናውን ክንድ ያዝሁት።

«ፍታኝ» አልሁት። «ቃሉን ታውቀዋለህ። ልናዘዝና ፍታኝ።»

«አልችልም።»

«ማን ያይሃል? ማን ይከስሃል? ልሞት ነው እኮ!»

«ቃሉንማ አውቀዋለሁ፤ ሥልጣኑ የለኝም። ብዋሽህ ታስሮ የቀረ ነፍስ ይዘህ ነው የምትሄደው» አለ። ከዚያ ወደ ገደሉ፣ ወደ ታች አየ። ጉሙ ሸፍኖት ቆርቆሮው አይታይም። ረዘም ላለ ጊዜ አየ። «እኔ አልፈታህም። የሚፈታህ ሰው ዘንድ ግን አደርስሃለሁ።»

ደስታ ሰምቷል። «ሂድ ቄሱ፣ እሱን ውሰድ። እኔ ጥይት አለኝ፣ አልቸኩልም» አለ።

ምስጋናው ብርድ ልብሱን በጀርባዬ አዙሮ ደረቱ ላይ ቋጠረና አዘለኝ፤ እናት ልጇን እንደምታዝል። ደስታን «ወዲያው እመለሳለሁ» አለው። ገደሉን ጀመርነው። የፍየል መንገድ ነው፣ በልጅነቱ የወረደበት። ዝናቡ ድንጋዩን ሳሙና አድርጎታል። እኔ ስደነዝዝ ይሰማዋል መሰል፣ በክርኑ ይጎስመኛል።

«አትተኛ! ከእኔ ጋር በል። ሰይድ።»

«ሰይድ።»

«መቶ አለቃው ገብረ መድኅን ነው። በል።»

«ገብረ መድኅን።»

ሲወድቁ ያያቸውን ሁሉ አንድ በአንድ አስባለኝ። አንዱን ስስት ከመጀመሪያው ያስጀምረኛል። የቄስ ትምህርት ቤት የኔታ ሆነብኝ በሉት። ስማቸውን ለምን እኔ ላይ እንደሚጭነው ገባኝ፤ ተመልሶ ሊወጣ ነው፣ እንደወጣ እንዳይቀር ሰግቷል። «ያንተስ ስም?» አልሁት። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል።

ማርያም ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ሆኗል። የፍልሰታ ቅዳሴ ገና መውጣቱ ነው፤ ነጭ የለበሰ ሰው ደጀ ሰላሙን ሞልቶታል። ተኩሱን ሰምተውም ቅዳሴውን አላቋረጡም። ምስጋናው በሩ ድረስ መጣና ቆመ። ከደጃፉ ድንጋይ አላለፈም። የእኔ ደም ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ አልብሶታል። አንዲት ሴትዮ «ኧረ ቄስ ምስጋናው!» ብላ ጮኸች፣ ከዚያ ቄስ ማለቷ ትዝ አላትና አፏን ያዘች። ሰው ሁሉ ዞረ። በጀርባው ላይ ሆኜ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። ኮረብታው ላይ በሞርታር ሥር እንዲያ አልተንቀጠቀጠም።

እኔን ከበሩ ድንጋይ ላይ አስተኛኝና «ለንስሐ የመጣ ሰው ነው! አባ ፈንታን ጥሩልኝ!» ብሎ ተጣራ።

ቄስ ፈንታ በምርኩዝ መጡ። ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ ሽማግሌ ናቸው። ከጎኔ ተንበረከኩ። የተናገርሁት በእኔና በእሳቸው መካከል ነው። ሲጨርሱ መስቀሉን ግንባሬ ላይ አድርገው «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉኝ። ትልቅ ድንጋይ ከደረቴ ወረደ። አለቀስሁ፤ ምን አሳፍሮኝ!

ምስጋናው ይኸኔ መሄድ ጀምሯል።

«ምስጋናው!» አሉ ሽማግሌው። «ወዴት ነው?»

«ሌላ ሰው አለ አባ። ኮረብታው ላይ ትቼው መጣሁ።»

«ደግ። ታዲያ ሳትሳለም ነው የምትሄደው?»

«በየትኛው ፊቴ አባ? እኔ እኮ የፈረስሁ ሰው ነኝ። ስሜ ከዚህ ቤት ከወጣ ቆየ።»

«ማን አወጣው?» አሉ ቄስ ፈንታ ምርኩዛቸውን መሬት እየመቱ። ተቆጡ። «እኔ አላወጣሁትም! ያን ቀን የምልህን ሳትሰማኝ ሄድህ እንጂ። ጥምጣምህን ካወለቅህ ጀምሮ ላእከ ማርያም ብዬ ሳልጠራህ የወጣ ቅዳሴ የለም። ዛሬም ጠርቼሃለሁ፤ ገና አሁን እኮ ነው የወጣነው።»

ምስጋናው ጭቃው ላይ ተቀመጠ። መሣሪያውን ከጉልበቱ ላይ አጋድሞ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያ የሰው ጥርስ ያወለቀ ሰው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ሴቶቹም ማልቀስ ጀመሩ።

«ክህነቴስ አባ?» አለ ቆይቶ።

«እሱ አይመለስም። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ፣ ምን ብዬ ልዋሽህ? ልጅነትህን ግን ማንም አልወሰደብህም። እስቲ ያልፈረሱት ካህናት ሁሉ ዛሬ እዚሁ ነበርን። ይኸን ቁስለኛ ተሸክሞ ያመጣው ማነው?»

ተነሥቶ አጎንብሶ መስቀሉን ተሳለመ፣ በግንባሩ፣ ከዚያ በከንፈሩ። «እግዚአብሔር ይፍታህ» አሉት። «የንስሐህን ጾምና ስግደት ስትመለስ እነግርሃለሁ።» አንዲት እናት ከቅዳሴ የወጣ ዳቦ ቆርሳ ሰጠችው። አልበላም፤ ኪሱ ከተተው። «ለደስታ ነው» አለኝ። «እሱ እየጾመ ነው።» እንዲህ ብሎ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ገደሉን ወጣ፣ ጉሙ ዋጠው።

ሊመሽ ሲል የመንደሩ ገበሬዎች ጩኸት ሰምተው ወጡ። ከመንደሩ ምንጭ በላይ ካለው የቋጥኝ ታዛ አገኟቸው። ደስታ በሕይወት አለ። ምስጋናው ፊቱን ወደ ታች፣ ወደ ማርያም አድርጎ ወድቋል፤ ብርድ ልብሱ ደረቱ ላይ እንደተቋጠረ ነው። ደስታን ከጀርባው ያላቀቁት ቋጠሮውን በቢላ ቆርጠው ነው። ከኋላ ተኩስ ሲከፈት ምስጋናው ዞረ፣ ይላል ደስታ። ያዘለውን ሰው ወደ ቋጥኙ አድርጎ ጥይቱን በደረቱ ተቀበለው፤ እንደገና ወደ ታች ሊራመድ ሲል ነው የወደቀው።

በማግሥቱ ተኩሱ ረጭ አለ። ገበሬዎቹ ሌሎቹንም አወረዷቸው። የት ይቀበር በሚለው በምስጋናው ላይ ብቻ ክርክር ተነሣ። ከካህናቱ መቃብር እንዳይሆን ክህነቱ ፈርሷል፤ ከዳር እንዳይሆን ልባቸው እንቢ አለ። ሞቼም ብሆን ወደዚያ እንዳትወስዱኝ ማለቱን እኔ አላነሣሁም። ቄስ ፈንታ «ቆሞ ከጠራኝ ቦታ ይሁን» አሉ። ከበሩ አጠገብ፣ እኔን ካስተኛበት ድንጋይ ሥር ተቆፈረ።

በቃሬዛ ላይ ሆኜ ወደ ሬሳዎቹ አስጠጉኝ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው «ስማቸውን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«አውቀዋለሁ አባ። አስይዞኛል።»

ጠራሁላቸው። ወልደ ሚካኤል። ገብረ መድኅን። ኃይለ ኢየሱስ። ወልደ ሰንበት። ገብረ ጻድቅ። ጽጌ ማርያም። ሰይድ። እዚህ ስደርስ ቀና ብለው አዩኝ። «እንዲሁ ሰይድ በሉት ብሏል» አልኋቸው። «እግዜር ያውቀዋል» አሉና እሱንም በልባቸው ያዙት። ስምንተኛውን እኔ አልጠራሁም፤ ከእኔ በፊት ያውቁታል። «ንስሐውን ሳልሰጠው ሄደ፤ እኔ እጾምለታለሁ» ብለው ዞር አሉ። እስኪሞቱ ድረስ ጾመውለታል ይባላል።

እኔን ወጌሻ አሽቶ፣ በኋላም ጎንደር ሐኪም አይቶኝ ዳንሁ፤ አነክሳለሁ እንጂ። ደስታ አንድ እግሩን አጣ፣ ምላሱ ግን እንደነበረች ነው። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ አንድ ፍልሰታ ከጎጃም ድረስ መጥቶ አብረን ማርያም ወረድን። በሩ አጠገብ ቁጭ ብለን ያን ቀን በምስጋናው ጀርባ ላይ ሆኖ የሆነውን አወራኝ። ዳቦውን እዚያው አዝሎት እያለ አብልቶታል። ደስታም አመሉ ነውና፣ ደሙ እየወረደም «ቄሱ፣ እንዲያው ሳላውቀው ልቅር? ያንተስ ስም?» ብሎት ነበር።

«አለ» አለው ምስጋናው እያለከለከ። «ዛሬም ተጠርቷል።»

እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም። እግዜር ለምን ንጹሑን ትቶ በዚያ ሰካራም እንደተጠቀመ ለማስረዳት አልሞክርም። እዚያ ኮረብታ ላይ ከነበርነው ማናችንም ንጹሕ አልነበርንም፤ ምናልባት ያን ቀን በእግሩ የቆመው ሰው እሱ ብቻ ስለነበረ ይሆናል። እኔ የማውቀው ተሸክሞኝ መውረዱን ነው።

አሁን እኔም አርጅቻለሁ፣ ገደሉን መውረድ አልችልም። ስለዚህ የልጅ ልጆቼ፣ ስንት ገደልህ ማለቱን ተዉትና ቁጭ በሉ። ስሞቹን ያዙልኝ፤ በስልካችሁ አይደለም፣ በቃላችሁ። ስምንት ናቸው። ከላእከ ማርያም ጀምሩ።